የፍሬን ብልሽት

የፍሬን ብልሽት የአንድ ተሽከርካሪ ፍሬን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ኃይሉን አጥቶ መኪናውን ማቆም ወይም ፍጥነቱን መቀነስ የማይችልበት ሁኔታ ነው። በሾፌሮች አነጋገር «ፍሬን በጠሰ»፣ «ፍሬን እምቢ አለ» ወይም «ፍሬን አልያዘም» ይባላል። ብልሽቱ በማንኛውም መኪና ላይ ሊደርስ ቢችልም ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖችና ረጅም ቁልቁለት ባላቸው መንገዶች ላይ ይበረታል። በኢትዮጵያ አሮጌ መኪናና ረጅም ቁልቁለት ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ በሰሜን ጎንደር ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ ነው።

«በጠሰ» ቢባልም ብዙውን ጊዜ የሚበጠስ ነገር የለም። ፍሬን የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት፣ ባረጀ የፍሬን ዘይት፣ በመፍሰስ ወይም ባለቀ ሸራ ምክንያት ነው። እነዚህ ሁሉ ቀስ በቀስ የሚመጡ ስለሆኑ አስቀድመው ምልክት ያሳያሉ። በረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ የመኪናው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ፍሬኑ እምቢ ባለበት ቅጽበት ሳይሆን አሽከርካሪው ቁልቁለቱ አናት ላይ በመረጠው ማርሽ ነው።

ስያሜ

«ፍሬን» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በኢትዮጵያ ጋራዦች የሚነገሩ ሌሎች ብዙ ቃላትም እንዲሁ ናቸው፦ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ከጎማ ሥር የሚደረገው ታኮ፣ ዓመታዊው ቦሎም ጭምር። የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድም መጀመሪያ የተቀየሰውና የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው።

የፍሬን አሠራር

ተራ የቤት መኪና የሚጠቀመው በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ ፍሬን ነው። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው የፍሬን ፖምፓ (ማስተር ሲሊንደር) በቱቦዎች ውስጥ ያለውን የፍሬን ዘይት ይገፋል። ፈሳሽ ሲጫኑት ስለማይጨመቅ ግፊቱ ሳይቀንስ አራቱም ጎማዎች ጋ ይደርሳል። ይህ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ያስረዳው ሕግ ነው። ጎማው ጋ የደረሰው ግፊት የፍሬን ሸራውን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ወይም ታምቡር ላይ ያጣብቀዋል። በዚህ ሰበቃ የመኪናው እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም ወደ አየር ይበተናል። እንግዲህ ፍሬን ማለት እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ሙቀቱን መበተን ሲያቅተው ሥራውን ያቆማል።

በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን በአራቱም ጎማ ላይ ተገጥሞ በቤት መኪና ላይ የታየው በ1921 (እ.ኤ.አ.) ዱዘንበርግ በተባለው የአሜሪካ መኪና ነው። በቀድሞዎቹ መኪኖች ላይ ፈሳሹ የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ስለነበር አንድ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ የተሠሩ መኪኖች በአብዛኛው ሁለት የተለያዩ መስመሮች ስላሏቸው አንዱ ሲፈስ ሌላው ሁለቱን ጎማዎች ይይዛል። ከዚያ በፊት የተሠራ ቮልስ የሚያሽከረክር ሰው ይህን ልዩነት ማወቅ አለበት።

የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ላይ በሽቦ ገመድ የሚሳብ ስለሆነ ከፍሬን ዘይቱ ጋር ግንኙነት የለውም። ስለዚህ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ቢፈስም ሊሠራ ይችላል። ከባድ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ደግሞ በአብዛኛው የአየር ፍሬን አላቸው። ዘመናዊ የአየር ፍሬን አየሩ ሲያልቅ በጠንካራ ሞላ ኃይል ራሱን ይይዛል፤ ነገር ግን ሸራው ከሞቀ ወይም ካለቀ ይህም አይረዳም።

በአሮጌ መኪና ላይ የብልሽቱ መንስኤዎች

ያረጀ የፍሬን ዘይት፦ ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ዘይቶች ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባሉ። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አዲስ ዶት 4 ደግሞ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ዘይቱ 3.7 በመቶ ውኃ ከያዘ ግን ዝቅተኛው መጠን ለዶት 3 ወደ 140፣ ለዶት 4 ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ሳይሆን ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ ጎማው ጋ የሚደርስ ግፊት ግን የለም። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፍሬኑ «ደህና» ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱም ችግሩ እንደተፈታ በማመን ይሳሳታል።

የጎሚኒ መበላሸት፦ በፖምፓውና በጎማ ሲሊንደሮች ውስጥ ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች (ጎሚኒዎች) በዘመን ብዛት ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። የሞተር ዘይት፣ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ከነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ። ስለዚህ የፍሬን ዘይት ሲጎድል በሞተር ዘይት መሙላት አንድን መኪና ፍሬን አልባ ከሚያደርጉ ስህተቶች ዋነኛው ነው። ውኃ መጨመርም ብረቱን ያዝጋል፣ የመፍያ ነጥቡንም ያወርዳል።

የቱቦ መበላሸት፦ የብረት ቱቦዎች ይዝጋሉ። ወደ ጎማው የሚያደርሱት የላስቲክ ቱቦዎች ደግሞ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ሊያብጡና ሊዘጉ ይችላሉ። ጠጠር መንገድ ላይ የሚፈናጠር ድንጋይም ይመታቸዋል።

የሸራ ማለቅ፦ ሸራው ሲያልቅ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል። በታምቡር ፍሬን ላይ ደግሞ ሸራው በሳሳ ቁጥር በሸራውና በታምቡሩ መካከል ያለው ክፍተት ስለሚሰፋ ማስጠጊያው ካልተስተካከለ ፔዳሉ ወደ ታች እየራቀ ይሄዳል።

ጊዜያዊ መፍትሔ፦ አንድ ጎማ ዘይት ሲያፈስ መስመሩን ዘግቶ በቀሩት ጎማዎች ጉዞ መቀጠል በገጠር መንገድ የሚደረግ ብልሃት ነው። ለሜዳ ቀስ ብሎ ጋራዥ ለመድረስ ያገለግል ይሆናል። ለቁልቁለት ግን የቀሩት ጎማዎች የአራቱን ሙቀት ተሸክመው ቶሎ ይግላሉ፤ መኪናውም ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ቁልቁለትና ሙቀት፦ የሊማሊሞ ምሳሌ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ በኋላ መንገዱ የሊማሊሞን ገደል በተደጋጋሚ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም በአዲአርቃይ በኩል ወደ ሽሬ ያመራል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያስጥላል።

ከተሳፋሪዎቹ ጋር 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ 14.7 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ይለቅቃል። ይህ ኃይል 50 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ደባርቅ ላይ እስከሚፈላበት 90 ዲግሪ ገደማ ድረስ ማሞቅ ይችላል። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ከሆነ የውኃው መጠን ከ330 ሊትር ይበልጣል። መኪናው በማርሽ ከወረደ የዚህን ኃይል ትልቅ ድርሻ ሞተሩ ይቀበላል። ማርሽ ወጥቶ በዜሮ ከወረደ ግን አየርና ጎማ ከሚወስዱት በቀር ሁሉም በአራቱ ጎማዎች ላይ ባሉት ጥቂት ኪሎ ግራም ብረትና ሸራ ላይ ያርፋል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ በዜሮ ማርሽ ቁልቁለት መውረድ የተለመደ ስህተት ነው። ቁጠባውም ከታሰበው ያነሰ ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ ያላቸው መኪኖች በማርሽ ሆነው ያለ ነዳጅ ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ያቋርጣሉ። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ለፔዳሉ የሚያግዘው ኃይል ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከተነቀለም መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

የጋለ ፍሬን በሁለት መንገድ ይከዳል። አንደኛው ከላይ የተገለጸው የዘይቱ መፍላት ነው፤ በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ይለሰልሳል። ሁለተኛው የሸራው መዛል ነው፤ ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ስለሚቀንስ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አይቆምም። የታምቡር ፍሬን ሲግል ታምቡሩ ራሱ ወደ ውጭ ስለሚሰፋና ከሸራው ስለሚርቅ ችግሩ ይደረባል። ዲስክ ለአየር የተጋለጠ በመሆኑ ሙቀትን በተሻለ ይበትናል።

ተመሳሳይ ረጅም ቁልቁለቶች በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የዓባይ በረሃ፣ በጣርማ በርና በሌሎችም የኢትዮጵያ ተራራማ መንገዶች ላይ ይገኛሉ።

ከፍታ በፍሬን ላይ ያለው ተጽዕኖ

አብዛኞቹ የቤት መኪኖች የአሽከርካሪውን እግር የሚያግዝ ከፔዳሉ ጀርባ የተገጠመ ክብ የፍሬን አጋዥ አላቸው። አጋዡ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና በውስጡ በሚፈጠረው የአየር ጉድለት መካከል ባለው ልዩነት ነው። በደባርቅ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ከደባርቅ በሳንቃበርና በአምባራስ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለሚዘልቀው መንገድ ደግሞ ግፊቱ ከዚህም ያንሳል፤ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጨነቅ ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት አንድ መኪና በደጋ ላይ በቆላ ከሚጠይቀው የበለጠ የእግር ኃይል ይጠይቃል። አጋዡ ያረጀና የሚያፈስ ከሆነ ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል።

የፍሬን ዘይትም በከፍታ ላይ በመጠኑ ቀደም ብሎ ይፈላል። የአየር ፍሬን ያላቸው መኪኖች ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ታንካቸውን ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳሉ። ከአምባራስ ወደ ደባርቅ የሚመለስ መኪና ጠጠር መንገድ ላይ ስለሚጓዝ ጎማው በቀላሉ ይንሸራተታል፤ በክረምት ጭቃና ጉም ይጨመርበታል። እርጥብ ሸራም እስኪደርቅ ድረስ የመያዝ ኃይሉ ዝቅተኛ ነው።

የማስጠንቀቂያ ምልክቶች

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ በመስመሩ ውስጥ አየር ወይም እንፋሎት አለ። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ፣ የሚያፈስ ቦታ አለ ወይም የፖምፓው ጎሚኒ አልቋል። ፔዳሉ ድንገት እንደ ድንጋይ ከደረቀ፣ አጋዡ አይሠራም። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ፣ አንዱ ጎማ አይዝም። የሚያንሸራትት ቀጭን ጩኸት የሸራ መሳሳትን፣ የሚፋጭ ድምፅ ደግሞ የሸራ ማለቅን ያሳያል። ቁልቁለት ላይ የሚሸት የተቃጠለ ሽታ ፍሬኑ ከመጠን በላይ መጋሉን ያመለክታል። ከጎማ በስተውስጥ በኩል የሚታይ እርጥበት፣ የዘይት ማጠራቀሚያው መጉደልና ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ ቀይ የፍሬን መብራትም ችላ ሊባሉ አይገባም።

ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት

መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጎ ለግማሽ ደቂቃ ረግጦ መያዝ የመስመሩን ጤንነት ያሳያል፤ ፔዳሉ መስመጥ የለበትም። አጋዡን ለመፈተን ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ ከዚያ ረግጦ እንደያዙ ሞተሩን ማስነሳት ነው። አጋዡ ደህና ከሆነ ፔዳሉ በእግር ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል።

ቁልቁለት የሚወረደው ያንኑ ዳገት ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ ነው። ማርሹ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ፍጥነት ከጨመረ በኋላ በተለይ ያረጀ ካምቢዮ ዝቅተኛ ማርሽ አይቀበልም፤ ማርሹ ወጥቶ በዜሮ ሊቀርም ይችላል። አውቶማቲክ መኪና 2 ወይም ኤል በሚለው ላይ ይደረጋል። ፍሬን ሳያቋርጡ በስሱ ረግጦ ከመውረድ ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ እግርን አንሥቶ ፍሬኑን አየር ማስመታት ይመረጣል። የጭስ ማውጫ ፍሬን ያላቸው የጭነት መኪኖች ከአናቱ ጀምረው ሊጠቀሙበት ይገባል።

በጉዞ ላይ ፍሬን ሲበላሽ

የሚከተሉት እርምጃዎች የሚወሰዱት በፍጥነትና ከሞላ ጎደል በአንድ ላይ ነው።

1. እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሣት። ሞተሩን አለማጥፋት፣ ቁልፉን አለመንቀል፣ ማርሹን ወደ ዜሮ አለማውጣት።
2. የፍሬን ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግሞ መርገጥ። በመስመሩ ውስጥ የቀረ ዘይት ካለ ግፊት ሊሰበሰብ ይችላል። ፔዳሉ እምብዛም የማይወርድ ከሆነ ከሥሩ የገባ ጠርሙስ ወይም ምንጣፍ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።
3. ማርሹን በየተራ አንድ አንድ መቀነስ። ከአራተኛ በቀጥታ ወደ አንደኛ ለማስገባት መሞከር ጎማውን ያንሸራትታል ወይም መኪናውን ያለ ማርሽ ያስቀራል።
4. የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብ። ቁልፉን በአውራ ጣት ተጭኖ መያዝ ጎማው ሲቆለፍ ቶሎ ለመልቀቅ ይረዳል። በአንድ ጊዜ በኃይል መሳብ፣ በተለይ ኩርባ ላይ፣ የኋላውን ጎማ ቆልፎ መኪናውን ያዞራል።
5. አራቱንም ፍሬቻ ማብራትና ክላክስ ሳያቋርጡ ማሰማት። ሊማሊሞ ላይ እግረኞች፣ እረኞችና ከብቶች ከኩርባው ባሻገር ሊኖሩ ይችላሉ።
6. መቆሚያ መምረጥ። ዳገትነት ያለው መጋቢ መንገድ፣ የተቆለለ ጠጠር፣ የታረሰ መሬት ወይም ቁጥቋጦ ከሁሉ ይመረጣል። ይህ ከሌለ መኪናውን በተራራው በኩል ባለው ቦይ ወይም ግድግዳ ላይ በጎኑ እያስጠጉ ማፋጨት ፍጥነቱን ይገድላል። በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ገደሉ ከኩርባ ወደ ኩርባ ጎኑን ስለሚቀያይር ተራራው በየት በኩል እንደሆነ ሁልጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል።

እነዚህ ውሳኔዎች ፍጥነት ሳይጨምር በቶሎ ሲደረጉ ይበልጥ ይሠራሉ። መኪናን አጋጭቶ ማቆም ንብረት ያስከፍላል፤ «አሁን ይይዝልኛል» እያሉ ቀጣዩን ኩርባ መጠበቅ ግን ሕይወት ያስከፍላል። ከሚሄድ መኪና መዝለልም መሪውን ያለ ሰው ስለሚያስቀር ለተሳፋሪዎችም ሆነ ለእግረኞች አደገኛ ነው።

መኪናው ከቆመ በኋላ

በመጀመሪያ ከጎማዎቹ ሥር ታኮ ወይም ድንጋይ ይደረጋል። ማርሹም አንደኛ ላይ ይተዋል። ተሳፋሪዎች ወርደው ከመንገዱ ይርቃሉ። ከኩርባው በፊት የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ ከሌለ በአካባቢው ልማድ ቅጠል ወይም ቅርንጫፍ ይደረጋል። መኪናው ሲነሣ ድንጋዩንና ቅጠሉን ከመንገዱ ማንሣት ግዴታ ነው፤ መንገድ ላይ የሚተው ድንጋይ ለሌላው አደጋ ይሆናል።

በጋለ ዲስክ ወይም ታምቡር ላይ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ሊያጣምመው ወይም ሊሰነጥቀው ስለሚችል በራሱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይሻላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ፔዳሉ ወደ ቦታው ቢመለስም ቁልቁለቱን መቀጠል አይገባም። አንዴ የፈላ ዘይት እንደገና ሊፈላ ይችላል።

ጥገና

የፍሬን ዘይት በአብዛኛው በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ እንዲቀየር ይመከራል። በአሮጌው ላይ መጨመር ብቻ እርጥበቱን አያስወጣውም። ዘይቱ ሲቀየር ወይም ቱቦ ሲፈታ በመስመሩ ውስጥ የገባው አየር ከየጎማው መውጣት አለበት። ከሲሊኮን የሚሠራው ዶት 5 ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር መቀላቀል የለበትም።

ሸራ ሁልጊዜ በጥንድ፣ ማለትም በአንድ አክስል ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ ይቀየራል። ያገለገለ መለዋወጫ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራን በመሳሰሉ ቦታዎች ይገኛል። ይሁን እንጂ ዕድሜያቸው የማይታወቅ ጎሚኒዎችና የላስቲክ ቱቦዎች ያገለገሉ ባይገዙ ይመረጣል፤ ከዋጋቸው አንጻር የሚያስከትሉት ጉዳት እጅግ ይበልጣል። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል የታምቡር አቧራን በአፍ ወይም በአየር መንፋት ለሳንባ አደገኛ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

ምርመራና ሕግ

በኢትዮጵያ ተሽከርካሪዎች የሚመረመሩትና የሚመዘገቡት በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ነው። መኪናው በየዓመቱ ተመርምሮ ብቁ ሲሆን ቦሎ ይሰጠዋል፤ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ፍሬን ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ዕድሜ ጠገብ መኪኖች ወደ አገር ሲገቡ የሚከፈለውን ታክስ ከፍ በማድረግ የአሮጌ መኪኖችን ፍሰት ለመቀነስ ሞክሯል። ይሁንና ቀድሞ የገቡት አሁንም በሥራ ላይ ናቸው፤ የመኪና ዋጋም ስለተወደደ በጥገና ብዙ ዓመት እንዲቆዩ ይደረጋል።

ዓመታዊ ምርመራ የሚያሳየው መኪናው በተመረመረበት ቀን የነበረበትን ሁኔታ ነው። በዓመቱ ውስጥ የሚያልቀውን ሸራና የሚጎድለውን ዘይት የሚያየው አሽከርካሪው ራሱ ነው። ለሊማሊሞ ደግሞ ይህ መታየት ያለበት ደባርቅ ላይ፣ መንገዱ ገና ደልዳላ ሳለ ነው።